ወደ ሂማላያ የደጋ ከተሞች የሚደረግ የዕረፍት ጉዞ እንዴት ይሰናዳል?

አንድ ሰው በዕረፍቱ ብዙ ከተሞችን ለመጐብኘት ሲያስብ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ካርታ ዘርግቶ የከተሞቹን ስም መቍጠር ነው። ከአንዱ እስከ ሌላው ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል ብሎ ይጠይቅና፣ ሁለት መቶ ነው ሲሉት «ይህማ ቅርብ ነው» ብሎ በዐሥር ቀን ውስጥ ስድስት ወይም ሰባት ከተማ ይደረድራል። ይህ አሳብ በሜዳ አገር ይሠራ ይሆናል፤ በተራራ አገር ግን አይሠራም። የተራራ ጉዞ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በወራት፣ በሰዓትና በከፍታ ነውና። ይህንን ለማስረዳት በሰሜን ሕንድ የሚገኙትን የሂማላያ ከተሞች ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ። ከአንባቢዎቻችን መካከል ከወላጆቹ ጋር ወደዚያ የሚሄድ ቢኖር ይጠቀምበታል፤ የማይሄደውም በጂኦግራፊ ክፍል የተማረውን በሥራ ላይ ሲውል ያይበታል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

«ሂማላያ» በሳንስክሪት ቋንቋ የበረዶ ማደሪያ ማለት ነው። የተራራው ሰንሰለት ርዝመት 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከግርጌው ባለው ሜዳ፣ ለምሳሌ በዴልሂ፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። እንግሊዞች ሕንድን በሚገዙበት ዘመን ከዚህ ሙቀት ለመሸሽ በተራሮቹ ወገብ ላይ ከተሞችን ቈረቈሩ። ከእነዚህም አንዷ ሺምላ ከ1864 ጀምሮ የሙቀት ወራት መናገሻ ሆና ስለ ነበር፣ ሹማምንቱ በየዓመቱ መዝገባቸውን አስጭነው ይወጡባት ነበር። እንግዲህ እነዚህ ከተሞች ሰው ለወራት እንዲቀመጥባቸው የተሠሩ እንጂ በየቀኑ አንዱን ትቶ ወደ ሌላው እንዲሮጥባቸው የተሠሩ አይደሉም።

በመጀመሪያ መወሰን የሚገባው ወደ የትኛው የሂማላያ ክፍል እንደሚኬድ ነው። ሺምላና በሻይ ቅጠሏ የታወቀችው ዳርጂሊንግ ሁለቱም የሂማላያ ከተሞች ይባላሉ፤ በመካከላቸው ግን የኔፓል አገር ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ይገኛል። ሁለቱን በአንድ አጭር ዕረፍት ለማየት የሚፈልግ ሰው ቀኑን በመንገድ ይጨርሳል። ስለዚህ አንዱን ክፍል መርጦ ሌላውን ለሌላ ዓመት መተው ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ወራቱ ነው። የሰሜን ሕንድ ክረምት እንደ እኛው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ወንዙ ይሞላል፤ ተራራው ይናዳል። በሐምሌ 2023 የቤያስ ወንዝ ሞልቶ ወደ ማናሊ የሚወስደውን መንገድ በብዙ ስፍራ ቈረጠው። በተከተለው በነሐሴ ደግሞ በሺምላ የወረደው ናዳ የብዙ ሰው ሕይወት አጠፋ፤ ከባቡሩ መስመር ሥርም አፈሩ ተጠርጎ ስለ ሄደ ሐዲዱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ታየ። ለእነዚህ ከተሞች የሚመቹት ወራት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንደዚሁም ጥቅምትና ኅዳር ናቸው። እዚህ ላይ የእኛ ተማሪዎች ችግር ይመጣል። የእኛ ረጅሙ ዕረፍት የሚውለው ልክ በሐምሌና በነሐሴ ነውና።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ከካልካ ወደ ሺምላ የሚወጣው ትንሽ ባቡር በ1903 ሥራ ጀመረ። የድሮው የጅቡቲ ባቡራችን ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን፣ የዚህኛው 762 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከመቶ በላይ ዋሻና ከ800 በላይ ድልድይ እያለፈ 96 ኪሎ ሜትር ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ከሺምላ እስከ ማናሊም 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ስለ ሆነ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚኬድበት ቀን ሁሉ የመንገድ ቀን እንጂ የዕረፍት ቀን ተብሎ መቈጠር የለበትም።

ይህንን ይዘን በጥቅምት ወር የሚደረግ የ12 ቀን ጉዞ እናሰናዳ። በ1ኛው ቀን ማለዳ ከዴልሂ በባቡር ተነሥቶ በካልካ በኩል ወደ ሺምላ መውጣትና እዚያ ሦስት ሌሊት ማደር ነው። በ4ኛው ቀን ወደ ማናሊ ተጕዞ ሦስት ሌሊት ይታደራል። በማናሊ በ1553 የተሠራው የሂዲምባ መቅደስ በረጃጅም ዝግባዎች መካከል ይታያል፤ በ2020 የተከፈተውና 9 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የመኪና መንገድ ዋሻም ከዚያ ሩቅ አይደለም። በ7ኛው ቀን ወደ ዳራምሳላ ይኬዳል፤ ከ1959 ስደት በኋላ የቲቤት ሕዝብ መምህር ዳላይ ላማ የተቀመጡት እዚያ ነው። እዚያም ሦስት ሌሊት ይታደርና በ10ኛው ቀን ወደ ዴልሂ መመለስ ነው። 11ኛው ቀን ባዶ ይተዋል፤ መንገዱ ቢዘጋ የሚተካው ይህ ቀን ነውና። በ12ኛው ቀን በአውሮፕላን ወደ አገር መመለስ ይቻላል። እንግዲህ ከ12 ቀን ውስጥ አራቱ የመንገድ፣ ስድስቱ የዕረፍት ሆኑ ማለት ነው። ሦስቱ ከተሞች ስድስት ቢሆኑ ኖሮ የዕረፍቱ ቀን ምን ያህል በቀረ ነበር?

በሐምሌ ብቻ መሄድ ለሚችል ተማሪስ ምን ይበጀዋል? ከታላቁ ሰንሰለት በስተጀርባ ላዳክ የሚባል አገር አለ። ዝናብ የተሸከመውን ነፋስ ተራራው ስለሚያግደው፣ ላዳክ በክረምትም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። በ2010 ድንገት ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለውን ጐርፍ ስናስብ ግን ሙሉ በሙሉ የሚታመን ሰማይ አለመኖሩን እንረዳለን። ወደ ዋናው ከተማ ወደ ሌህ ከዴልሂ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙ ባልበለጠ ጊዜ ይደረሳል። አደጋውም ከዚሁ ፍጥነት ይመጣል።

ይኸውም አራተኛው ነገር፣ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለ ሆነች፣ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሺምላም ሆነች ማናሊና ዳርጂሊንግ ከእርስዋ ዝቅ ይላሉ። ሌህ ግን 3,500 ሜትር ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ የኦክሲጅን ድርሻ እንደ ሌላው ቦታ 21 በመቶ ነው፤ ይሁን እንጂ አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲመዛዘን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ሰውነት ይህን እስኪለምድ ድረስ ራስ ያማል፤ ያቅለሸልሻል፤ እንቅልፍም ይጠፋል። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ያጠረው፣ ወይም ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ ወይም ንግግሩ የተዘበራረቀበት ሰው ግን ሕይወቱ በአደጋ ላይ ስለ ሆነ ሳይነጋ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መወሰድና ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» ማለት አያድንም፤ ጕልበታም መሆንም አያድንም። በተለይ ወላጆች ሊያስተውሉ የሚገባቸው፣ ሕፃን ራሴን አመመኝ ብሎ መናገር ስለማይችል፣ ምግብ ሲጠላና ያለ ምክንያት ሲነጫነጭ ምልክቱ እርሱ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ስለዚህ በሌህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች ያለ ድካም ማሳለፍ ግድ ነው። ሐኪሞች እንደሚመክሩትም ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ ይገባል። የቦታዎቹ ተራ የሚወሰነውም በዚሁ ነው። ከሌህ ቀጥሎ የሚኬደው ወደ ኑብራ ሸለቆ ነው፤ መንገዱ ከ5,300 ሜትር በላይ ያለውን የካርዱንግ በር ቢሻገርም፣ ማደሪያው 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ሆነ ሰውነት ያርፋል። የፓንጎንግ ሐይቅ ግን ከ4,200 ሜትር በላይ ስለ ሆነ በመጨረሻ ይቀመጣል፤ ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ እዚያ ማደሩ ቢቀር ይሻላል። ለእነዚህ ሁለት ቦታዎች የውጭ አገር ሰው የተለየ ፈቃድ ማውጣት ስላለበት ይህም አስቀድሞ ይታሰብ።

በመጨረሻ፣ መንገደኛ የባላገሩንም ኑሮ ማሰብ ይገባዋል። በግንቦት 2018 በሺምላ ውሃ ጠፍቶ ነዋሪው በየሰልፉ ሲቆም፣ ጐብኚዎች ለጊዜው እንዳይመጡ ተለምነው ነበር። በአንድ ስፍራ ረጋ ብሎ የሚቀመጥና ውሃውን የሚቈጥብ እንግዳ ለከተማውም ሸክም አይሆንም።

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ይህ ምክር ለሂማላያ መንገደኛ የታሰበ ይመስላል። እንግዲህ ጉዞ የሚያስብ ሰው ስንት ከተማ አያለሁ ከማለቱ በፊት፣ በየትኛው ወር እሄዳለሁ፣ ስንት ሰዓት በመንገድ እቈያለሁ፣ ሌሊቱንስ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ አድራለሁ ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በወረቀት ላይ ጽፎ ለቤተሰቡ ያሳይ።