ድሬዳዋ፦ ከፀሐይ የተጠለለች፣ ለጎርፍ የተጋለጠች

ከመካኒሳ አቦ ተነሥቶ ድሬዳዋ የሚገባ መንገደኛ ከፍታው በ1000 ሜትር ያህል ይቀንስበታል። በየ1000 ሜትሩ ቁልቁለት የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚጨምር፣ በመካኒሳ ብርድና ዝናብ ሲከላከል የኖረው የቆርቆሮ ጣሪያ እዚያ ምድጃ ይሆናል። ለመሆኑ በእንዲህ ያለ ስፍራ ከተማ እንዴት ይሠራል?

ድሬዳዋ (ጠበብት ከፊል በረሃማ ይሏታል) የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ገደማ የጅቡቲው የምድር ባቡር ሲደርስ ነው። ሐዲዱን ተራራ አስወጥቶ ሐረር ማድረስ ወጪው ከባድ ስለነበር፣ ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በከዚራ መንገዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ያህል ቀጥ ያሉና ሰፊ ናቸው። ሰፊ መንገድ ግን ፀሐይ ይጋብዛል። ከዚራን ያዳኗት ግራና ቀኝ የተተከሉት ዛፎች ናቸው ብንል አልተሳሳትንም፤ ዛፍ ጥላ ከመስጠቱም በላይ ከቅጠሉ የሚተነው ውኃ ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል። በመጋላ ደግሞ ጠባቦቹ መንገዶች ያለ ዛፍም ጥላ ያገኛሉ፤ አንዱ ግድግዳ ለሌላው ይጋርዳልና።

ወፍራም የድንጋይ ግድግዳም የራሱ ጥበብ አለው። የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ፣ ውስጡ የሚሞቀው ውጭው መቀዝቀዝ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ይቻላል። ስስ ብሎኬትና ቆርቆሮ ይህን መዘግየት አይሰጡም።

ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውኃ አልባ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ነገር ግን ደረቅ ወንዝ ባዶ መሬት አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በደቡብ በኩል ባሉት ተራሮች የጣለው ዝናብ ሌሊት በደራሽ ጎርፍነት ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በሺህ የሚቆጠሩትንም ቤት አልባ አደረገ። ተዳፋቱ ቀጥ ያለና ደን የተመነጠረበት በመሆኑ ውኃው ወደ መሬት ለመስረግ ጊዜ አላገኘም። በከተማዋ ሰማይ ላይ ያለውን ደመና ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርቻ የመከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል። ግንብ ውኃውን በመስመሩ ይይዘዋል እንጂ ፍጥነቱን አይቀንስለትም፤ ፍጥነቱ የሚቀነሰው ከላይ፣ በተራራው እርከንና ችግኝ ነው።