ሞመንተምና ኢነርጂ በጋዞች ውስጥ

ሞመንተም እና የእንቅስቃሴ ኢነርጂ የአንድን ተንቀሳቃሽ አካል እንቅስቃሴ የምንለካባቸው ሁለት መጠኖች ናቸው። ሞመንተም የሚገኘው የአካሉ መጠነ ቁስ በፍጥነቱ ሲባዛ ነው። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ደግሞ የመጠነ ቁሱ ግማሽ በፍጥነቱ ሁለት ጊዜ ሲባዛ ይገኛል። በጋዝ ውስጥ ሁለቱ የተለያየ ድርሻ አላቸው። ጋዙ በመያዣው ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከሞለኪዩሎቹ ሞመንተም ይመጣል፤ መጠነ ሙቀቱ ግን የአማካይ ኢነርጂያቸው መለኪያ ነው። ይህን ለይቶ ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

የሁለቱ ልዩነት

ሞመንተም አቅጣጫ አለው፤ ኢነርጂ አቅጣጫ የለውም። ሁለት እኩል ኳሶች በእኩል ፍጥነት ፊት ለፊት ሲመጡ የሞመንተማቸው ድምር ዜሮ ነው፤ የኢነርጂያቸው ድምር ግን የአንዱ ኳስ ዕጥፍ ነው። ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አየርም እንዲሁ ነው። ሞለኪዩሎቹ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበሩ ሞመንተማቸው እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ጠርሙሱም ንቅንቅ አይልም። ኢነርጂያቸው ግን ይደመራል። በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ የናይትሮጅን ሞለኪዩል በአማካይ በሰከንድ 500 ሜትር ያህል ይበራል። በባሕር ወለል ግፊት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያሉ ሞለኪዩሎች ከቦታ ወደ ቦታ በመብረራቸው ብቻ የያዙት ኢነርጂ 150,000 ጁል ያህል ነው።

ግፊት ከሞመንተም እንዴት ይገኛል?

ጎኑ ር የሆነ ኩብ ሣጥን እናስብ። መጠነ ቁሱ መ የሆነ አንድ ሞለኪዩል በፍጥነት ፍ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ይመላለሳል እንበል።

1. ሞለኪዩሉ ግድግዳውን መትቶ ሲነጥር አቅጣጫው ይገለበጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምት ለግድግዳው የሚሰጠው ሞመንተም 2 × መ × ፍ ነው።
2. የደርሶ መልስ ርቀቱ 2 × ር ስለሆነ፣ ያንኑ ግድግዳ እንደገና የሚመታው ከ2 × ር ÷ ፍ ሰከንድ በኋላ ነው።
3. ኃይል ማለት በአንድ ሰከንድ የሚተላለፍ ሞመንተም ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል አማካይ ኃይሉ መ × ፍ² ÷ ር ይሆናል።
4. ግፊት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። የግድግዳው ስፋት ር² ስለሆነ ግፊቱ መ × ፍ² ÷ ር³ ይሆናል። ር³ የሣጥኑ ይዘት ነው።

ሞመንተም ውስጥ ፍጥነት የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛው ፍ የመጣው ከምቱ መደጋገም ነው፤ ሞለኪዩሉ ሲፈጥን አጥብቆ ይመታል፣ ቶሎ ቶሎም ይመታል። ሞመንተም ወደ ኢነርጂ የሚሻገርበት ድልድይ ይህ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ብዙ ሞለኪዩሎች ሲኖሩና እንቅስቃሴያቸው በሦስቱ አቅጣጫዎች እኩል ሲከፋፈል የሚከተለው ውጤት ይገኛል፦

ግፊት × ይዘት = ⅔ × የሞለኪዩሎቹ ጠቅላላ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ

መጠነ ሙቀት የየትኛው መለኪያ ነው?

ግፊት የጥቃቅን አካላት ምት ነው የሚለውን ሐሳብ በስሌት ያቀረበው ስዊሳዊው ዳንኤል በርኑሊ በ1738 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሄራፓት በ1821 ባሳተመው ጽሑፍ ሐሳቡን ወደፊት ገፋው፤ ነገር ግን መጠነ ሙቀትን የአንድ ቅንጣት ሞመንተም መለኪያ አደረገው። በዚህ መንገድ ሲሰላ የጋዝ ግፊት ከመጠነ ሙቀቱ ጋር ሳይሆን ከመጠነ ሙቀቱ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል፤ ይህም ዛሬ ከሚታወቀው የጋዝ ሕግ ጋር አይገጥምም።

ትክክለኛውን መንገድ የያዘው ስኮትላንዳዊው ጆን ጄምስ ዋተርስተን ነበር። በሕንድ ቦምቤይ በማስተማር ላይ ሳለ በ1845 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በላከው ጽሑፍ መጠነ ሙቀት ከኢነርጂ ጋር እንደሚሄድ አሳየ። ማኅበሩ ጽሑፉን ሳያትመው በመዝገብ ቤቱ አስቀመጠው። ሎርድ ሬይሊ አግኝቶ በ1892 ሲያሳትመው ዋተርስተን ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር። በዚህ መካከል ሩዶልፍ ክላውዚየስ በ1857፣ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ደግሞ በ1860 ባሳተሟቸው ጽሑፎች ንድፈ ሐሳቡ መሠረት ይዞ ነበር።

ልዩነቱን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን በግልጽ ያሳያሉ። የኦክስጅን ሞለኪዩል መጠነ ቁስ ከሃይድሮጅን 16 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሁለቱ ጋዞች በእኩል መጠነ ሙቀት ላይ ሲሆኑ የኦክስጅኑ ፍጥነት የሃይድሮጅኑ ሩብ ነው። ስለዚህ ሞመንተሙ አራት ዕጥፍ፣ ኢነርጂው ግን እኩል ነው። ኦክስጅን በእያንዳንዱ ምት አራት ዕጥፍ ሞመንተም ይሰጣል፤ የሚመታው ግን በሩብ ያነሰ ጊዜ ሳይሆን ሩቡን ጊዜ ብቻ ነው። በመሆኑም የሞለኪዩሎቹ ብዛትና ይዘቱ እኩል ከሆነ ግፊታቸውም እኩል ይሆናል።

ግፊት ሲቀንስ የግድ ሙቀት ይቀንሳል ማለት አይደለም። በባሕር ወለልና በአዲስ አበባ መጠነ ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት የእያንዳንዱ ሞለኪዩል አማካይ ኢነርጂ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል የሆነው ምቱ ስለደከመ ሳይሆን በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያሉት ሞለኪዩሎች ስላነሱ ነው።

ጋዝ ሲታመቅ ለምን ይሞቃል?

ሞለኪዩል የቆመ ግድግዳ ሲመታ በአማካይ በነበረው ፍጥነት ይነጥራል። ወደ እርሱ የሚመጣ ፒስተን ሲመታ ግን ከበፊቱ ፈጥኖ ይመለሳል፤ ፒስተኑን የሚገፋው አካል የሠራው ሥራ ወደ ሞለኪዩሉ ኢነርጂ ይገባል። የብስክሌት ጎማ ስንነፋ ፓምፑ የሚግለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የናፍጣ ሞተርም ነዳጁን ያለ ካንዴላ የሚያቀጣጥለው አየሩን አምቆ በማጋል ነው። በተቃራኒው ጋዝ ፒስተኑን እየገፋ ሲሰፋ ሞለኪዩሎቹ ኢነርጂያቸውን እየሰጡ ይቀዘቅዛሉ።

ቀመሩ የሚሠራበት ወሰን

ቀመሩ የሚቆጥረው ከቦታ ወደ ቦታ የመሄድን ኢነርጂ ብቻ ነው። የናይትሮጅን ሞለኪዩል በራሱ ላይም ይሽከረከራል፤ ሽክርክሪቱ ኢነርጂ ቢይዝም ለግፊቱ አይቆጠርም። ይዘቱ ሳይለወጥ የአንድ ሞል ሂሊየምን መጠነ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ለመጨመር 12.5 ጁል ያህል ሲበቃ፣ ለናይትሮጅን ግን 20.8 ጁል ያህል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

⅔ የሚለው ቁጥርም ለሁሉም ነገር አይሠራም። የብርሃን ቅንጣት የሆነው ፎቶን ሞመንተሙ ኢነርጂው ለብርሃን ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በመሆኑም በፎቶኖች ለተሞላ መያዣ ግፊት × ይዘት የኢነርጂው ⅓ ይሆናል። ቁጥሩን የሚወስነው ቅንጣቱ ሞመንተምንና ኢነርጂን የሚያያይዝበት መንገድ ነው።