“ትነት” የሚለውን ቃል ልጆቻችን ከኩሽና ይማሩት

ብርዱ ሲገባ አሜሪካ የሚያድግ ልጅ ሆት ቸኮሌቱ ላይ ማርሽማሎው ጣል እንዲደረግለት ይፈልጋል። ለልጁ ጣፋጭ ነው፤ ለእኔ ግን ክዳንም ጭምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትኩስ መጠጥ የሚቀዘቅዘው አየሩና ኩባያው ሙቀት ስለሚወስዱበት ብቻ አይደለም። ከላዩ እየተነነ የሚወጣው ውሃም ብዙ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ግራም ትኩስ ውሃ ለመትነን 2,300 ጁል ገደማ ይፈልጋል። ያንኑ አንድ ግራም በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ግን 4.2 ጁል ይበቃል። እስቲ ሂሳቡን እንሥራው፦ ከ250 ግራም ሻይ ውስጥ 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ቢተን፣ ይኼ ብቻውን የቀረውን ሻይ በ11 ዲግሪ ገደማ ያቀዘቅዘዋል።

ማርሽማሎው ስኳር፣ ጄላቲንና ብዙ አየር ነው። አየር ስላለው ይንሳፈፋል፤ ሲለሰልስ ደግሞ እርስ በርሱ ተጣብቆ የመጠጡን ገጽ ይሸፍናል። ስለዚህ ትነቱ ይቀንሳል፤ ውስጡ የታሰረው አየርም ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። በነገራችን ላይ አሜሪካ የሚሸጠው ማርሽማሎው ጄላቲኑ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ስለሚሠራ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ማሸጊያውን አንብቡ።

እናቶቻችን ይህን በተግባር ያውቁታል። ለልጅ ሻይ ሲያበርዱ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እያገላበጡ ትነቱን ያፋጥኑታል። እንዳይቀዘቅዝ ሲፈልጉ ደግሞ በትንሽ ሳህን ይከድኑታል። አንድ ልዩነት ግን አለ፦ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዱባይ ላይ ግን በ100። ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ የምትኖሩ፣ ለሕፃን ሻይ ስትሰጡ ይህን አስቡ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጆቻችን ስለ ትነት ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በስዊድንኛ ይማራሉ። አማርኛቸው ግን “ብላ”፣ “ተኛ”፣ “ጫማህን አድርግ” ላይ ይቆማል። ትእዛዝ ብቻ የሚሰማበትን፣ “ለምን?” ብሎ የማይጠይቅበትን ቋንቋ ልጅ ምን ብሎ ይወደዋል? ቃላቱ እኮ አሉን፦ ትነት፣ እንፋሎት፣ ሙቀት፣ ክዳን።

ስለዚህ ቅዳሜ ይህን ሞክሩ። ሦስት ተመሳሳይ ኩባያዎች ላይ እኩል ትኩስ ውሃ እናንተ ቅዱ። አንዱን ክፍት ተዉት፣ አንዱን በማርሽማሎው ሸፍኑ፣ አንዱን በሳህን ክደኑ። እያንዳንዱን ከነክዳኑ በኩሽና ሚዛን መዝኑና ጻፉ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ድገሙት። በመሃል ልጁን ጠይቁት፦ “የትኛው ብዙ ክብደት ይቀንሳል? ለምን?”

መልሱን በአማርኛ ይንገራችሁ። ቢሳሳት እንኳ አትቆጡት፤ ሚዛኑ ራሱ ያርመዋል።