የተዋረዱት የወንጌል አድራሾች፦ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ



እግዚአብሔር የተዋረደውን ይወዳል ስንል አሳባችን ብዙ ጊዜ ወደ ምጽዋት ያዘነብላል። ባለጸጋው ሰጪ፣ ድኻው ተቀባይ ሆኖ ይታየናል። በዛሬው ንግግሬ ላስረዳ የምወደው ግን ይህ ፍቅር የተዋረደውን የወንጌል ተቀባይ ብቻ ሳይሆን አድራሽም እንደሚያደርገው ነው። ለዚህም ሁለት የአገራችንን ሰዎች በምስክርነት እጠራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦነሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ ፈቺ፣ ተርጓሚ እንደ ማለት ነው። ገና በልጅነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች ተይዘው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ። በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥተው በአቅራቢያው እምኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ሲጠመቁ የተሰየሙበት ስም ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት የሚነሣው ባሪያ ስም ነው። ሐዋርያው በዚያ መልእክት ጌታውን የሚለምነው ባሪያውን በወንድምነት እንዲቀበለው ነው።

ኦነሲሞስ ወንጌልን ለወገናቸው በገዛ ቋንቋው ለማድረስ ተነሡ። ዳሩ ግን ከአገራቸው የወጡት በልጅነት ስለሆነ የቋንቋው ሀብት በሙሉ በእጃቸው አልነበረም። ይህን የሞሉላቸው አስቴር ጋኖ ናቸው። እርሳቸውም በባርነት ቀንበር ሥር የነበሩና በ1886 በመርከብ ወደ ዓረብ ምድር ሲወሰዱ በጣሊያኖች እጅ ነፃ ወጥተው ወደ እምኩሉ የመጡ ወጣት ነበሩ። ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቃላትን ለቀሙ፤ ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ እንቆቅልሹን ከትዝታቸው እያወጡ ጻፉ። በዚህ ትብብር የኦሮምኛው አዲስ ኪዳን በ1893፣ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ደግሞ በ1899 በግእዝ ፊደል ታተመ። በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ ተመልሰው ማስተማር ያዙ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ፈንጋዮቹ ከእነዚህ ልጆች ቤታቸውንና ወላጆቻቸውን ወስደዋል፤ ቋንቋቸውን ግን ፈጽመው ሊወስዱባቸው አልቻሉም። ለሚሊዮኖች ወንጌል የተነገረው በዚያ በቀረላቸው ሀብት ነው። ወንጌል ለሰው ሁሉ ነው ማለት በምድጃ ዳርና በገበያ በሚነገረው ቋንቋ ይነገር ማለት ነው፤ ያን ቋንቋ ጠንቅቆ የሚያውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓለም የናቀው ሰው ነው።

ከዚህ ለራሳችን የሚተርፍ ጥያቄ አለ። በየቤታችን እንጀራ የምትጋግረውን፣ በየሕንፃው ድንጋይ የሚሸከመውን ወጣት ቤተ ክርስቲያን እንዲመጡ እንጋብዛለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ እግዚአብሔር የሚያውቁትን እንዲነግሩን ዝም ብለን የተቀመጥነው መቼ ነው? የአስቴር ስም ዛሬም ከኦነሲሞስ ስም አንሶ መነሣቱ ይህን መማር ገና እንደሚቀረን ያሳያል። የተዋረደውን መውደድ ከመስጠት ይጀምር ይሆናል፤ የሚፈጸመው ግን ከእርሱ በመማር ነው።