ተመልካቹ የማይታይበት አዳራሽ፦ የዲጄ የቀጥታ ስርጭት ታዳሚን በምን ይይዛል?

በጭፈራ ቤት የሚያጫውት ዲጄ ፊት ለፊቱ ሰው አለ። ዘፈኑ ያልያዘው ታዳሚ ወደ መቀመጫው ሲመለስ ያያል፤ የያዘው ደግሞ ትከሻውን ሲያንቀሳቅስ ይመለከታል። ቀጣዩን ዘፈን የሚመርጠውም ይህንኑ አይቶ ነው። በበይነ መረብ ቀጥታ ስርጭት ግን ከፊቱ ያለው ካሜራ ብቻ ነው። ተመልካቹ በደስታ ቢጨፍርም፣ ሰልችቶት ቢወጣም ድምፁ አይሰማም። ለዲጄው የሚታየው በማያ ገጹ ጥግ ላይ ከፍ ዝቅ የምትል የተመልካች ቁጥር ናት። ያችን ቁጥር ዝቅ እንዳትል መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

ሙያው ጎልቶ የታየው የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን ጭፈራ ቤቶች በዘጋበት ወቅት ነው። እ.አ.አ. በመጋቢት 2020 ዲ-ናይስ በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ዲጄ በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው መኖሪያ ቤቱ በኢንስታግራም ሙዚቃ ማጫወት ጀመረ። ዝግጅቱን “ክለብ ኳራንቲን” ብሎ ሰየመው። በዚያው ወር በአንድ ቅዳሜ ለሰዓታት በዘለቀ ስርጭቱ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተከታትለውታል። ከታዳሚዎቹ መካከል የቀድሞዋ የአሜሪካ ቀዳማዊት እመቤት ሚሼል ኦባማ ይገኙበታል።

ያን ያህል ሕዝብ የያዘው ውድ ካሜራ ወይም የተንቆጠቆጠ መድረክ አልነበረም። ዲጄው የሚገቡትን ሰዎች በስም እየጠራ ይቀበል፣ ሰላምታ ይሰጥ፣ አስተያየታቸውን እያነበበ ይስቅ ነበር። ስሙ የተጠራ ሰው ተመልካች መሆኑ ቀርቶ እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳ ደግሞ ቶሎ አይወጣም።

ይህ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ጥበብ አይደለም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በገባበት ቤት ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የእንግዳውን ስም ያነሳል፣ አለባበሱን ያወድሳል፣ “ተቀበል!” ሲባል ከታዳሚው የተሰጠውን ግጥም በዜማ መልሶ ይሰጠዋል። ታዳሚው የጨዋታው ባለቤት ስለሆነ እስኪነጋ ይቀመጣል። ዲጄም በአስተያየት መስጫው የተጻፈለትን ምርጫና ሰላምታ ሲቀበል የሚሠራው የአዝማሪን ሥራ ነው።

ልዩነቱ መዘግየቱ ላይ ነው። ዲጄው የተናገረው ለተመልካቹ የሚደርሰው እንደ መተግበሪያው ዓይነት ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ ነው። ጥያቄ ጠይቆ ወዲያውኑ መልስ የሚጠብቅ ዲጄ ዝምታ ይገጥመዋል፤ ያ ዝምታም በተመልካቹ ዘንድ እንደ መደናገር ይቆጠራል። ስለዚህ ጥያቄው ዘፈን ሊቀየር ሲል ይጠየቃል፣ መልሱ በሚቀጥለው ዘፈን መካከል ይነበባል። “ቀጥሎ ከሁለቱ የትኛው ይሁን?” ብሎ ምርጫ መስጠትም ተመልካቹ ውጤቱን ለማየት እንዲቆይ ያደርገዋል። ዲጄው እጁ ሥራ ላይ ስለሚሆን አስተያየቶችን እየመረጠ የሚያነብለት፣ ተሳዳቢውንም የሚያስወጣለት አንድ ረዳት ቢኖረው ይመረጣል።

ድምፅ ከምስል ይቀድማል። ደብዛዛ ምስልን የሚታገሥ ተመልካች የተቆራረጠ ድምፅን አይታገሥም። የብዙዎች ስህተት ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ፊት አቁሞ መቅዳት ነው። የስልክ ማይክሮፎን የተሠራው ለንግግር በመሆኑ የሙዚቃውን ጎርናና ድምፅ ያጠፋል፤ ከፍተኛውንም ያሰነጥቀዋል። መፍትሔው ድምፁን ከማደባለቂያው (ሚክሰር) መውጫ በገመድ፣ በድምፅ ማስተላለፊያ መሣሪያ በኩል፣ በቀጥታ ወደ ስልኩ ወይም ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባት ነው። የድምፅ መለኪያው ቀይ እንዳይነካ መጠበቅም ያሻል። ከዚህ ላይ የዲጄውን ንግግር የሚይዝ ለብቻው የተከፈተ ማይክሮፎን ሲጨመር ስርጭቱ ሕይወት ይዘራል።

ምስልም የራሱ ድርሻ አለው። እ.አ.አ. በ2010 በለንደን የተጀመረው ቦይለር ሩም መነሻው አንዲት የኮምፒውተር ካሜራ ነበረች። ዲጄው ፊቱን ወደ ካሜራው ሲያዞር ታዳሚው ከጀርባው ይጨፍር ስለነበር ቤቱ የተቀመጠ ሰው ከጭፈራው መሀል የቆመ ያህል ይሰማው ነበር። የፈረንሳዩ ሰርክል ደግሞ ቦታን መረጠ፤ ቤን ቦመር የተባለውን ሙዚቀኛ በቱርክ ካፓዶቅያ ሰማይ ላይ በፊኛ ውስጥ ሆኖ እንዲጫወት አድርጓል። ሁለቱም የሚያስተምሩት ተመልካቹ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል የሚለውን ነው። ፊኛ የሌለው ዲጄ መስኮት፣ ሰገነት ወይም ግቢ አለው። አንድ ካሜራ ፊቱን፣ ሌላ ስልክ ደግሞ ከላይ እጁንና መሣሪያውን ቢያሳይ፣ ኦ.ቢ.ኤስ በተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሁለቱን እያፈራረቁ ማቅረብ ይቻላል። መብራት ከጀርባ ሳይሆን ከፊት ይሁን።

ይህ ሁሉ ግን በኢንተርኔቱ አቅም ይወሰናል። በሰከንድ 3 ሜጋቢት የሚልክ መካከለኛ ጥራት ያለው ስርጭት በሰዓት 1 ነጥብ 35 ጊጋባይት ገደማ ዳታ ይበላል፤ የሦስት ሰዓት ዝግጅት ከ4 ጊጋባይት ያልፋል ማለት ነው። መለካት ያለበትም የማውረጃ ሳይሆን የመጫኛ ፍጥነት ነው። ከሚያስፈልገው እጥፍ ያህል ትርፍ ከሌለ፣ የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጎ ሳይቆራረጥ ማስተላለፍ ይሻላል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ የተሞላ ባትሪና በሌላ ሲም ካርድ የተዘጋጀ ኢንተርኔት ቅንጦት አይደሉም። በሚያሰራጨው ስልክ ላይ ጥሪ ከገባ ስርጭቱ ሊቋረጥ ስለሚችል ጥሪን አስቀድሞ መዝጋት ይገባል።

በርካታ ዲጄዎችን ድንገት የሚያስደነግጠው የቅጅ መብት ነው። ዘፈን ገዝቶ ማዳመጥ ለሕዝብ የማሰራጨት መብት አይሰጥም። በኢትዮጵያም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ታላላቅ መተግበሪያዎች ዘፈኖችን በራሳቸው የሚለዩ ስልቶች ስላሏቸው ስርጭቱን መሀል ላይ ድምፅ አልባ ሊያደርጉት፣ ሊያቋርጡት፣ ሲደጋገምም ገጹን ሊዘጉት ይችላሉ። ለዓመታት የተሰበሰበ ተከታይ በአንድ ምሽት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ሚክስክላውድ ከባለመብቶች ጋር በገባው ውል ይህንን ስጋት ለመቀነስ ሞክሯል፤ ትዊችም እ.አ.አ. በ2024 ከዲጄዎች ገቢ ለባለመብቶች የሚያካፍል አሠራር አስተዋውቋል። በአገር ውስጥ ደግሞ ቀላሉ መንገድ ከድምፃዊው ወይም ከአሳታሚው ፈቃድ መጠየቅና የዘፈኑን ባለቤት ስም በማያ ገጹ ላይ ማስፈር ነው። ስሙን ማስፈሩ ፈቃዱን አይተካም፤ ሆኖም ተመልካቹ የወደደውን ዘፈን ፈልጎ እንዲያገኝ ያግዘዋል።

በመጨረሻ የሚነሳው ሰዓት ነው። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚጀምር ስርጭት በዱባይ አንድ ሰዓት ሲገፋ፣ በዋሽንግተን ግን ገና ቀን ነው፤ በሥራ ቀን ከሆነ የዚያ ተመልካች ሥራ ላይ ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ “3 ሰዓት” ብቻ ብሎ መጻፍም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በውጭው ስለማይለይ ተመልካች ያሳስታል። ሁለቱንም መጻፍ ይገባል። ከሁሉም በላይ ቀኑንና ሰዓቱን አለመቀያየር ነው። ገበያ የሚደምቀው ሰው ቀኑን ስለሚያውቀው ነው፤ በየሳምንቱ በዚያው ቀን የሚከፈት ስርጭትም በመጀመሪያው ምሽት ጥቂት ሰው ቢያይም፣ ውሎ አድሮ የራሱ ደንበኛ ይኖረዋል።