ስለ ክፍል አያያዝ አራት የተሳሳቱ አመለካከቶች

እጩ መምህር ለተግባር ልምምድ ትምህርት ቤት ሲመደብ መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መታዘብ ነው። እኔም የታዘብኩት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ያየሁት ስለ ክፍል አያያዝ ሲነገረን ከኖረው በብዙ ይለያል።

አመለካከት 1፦ ጸጥ ያለ ክፍል እየተማረ ነው

እውነታው፦ ጸጥታ መማርን አያረጋግጥም። «ገባችሁ?» ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላል፤ ደብተሩ ሲገለጥ ግን ያልገባው ብዙ ነው። የታዘብኳት የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ግን «ገባችሁ?» አትልም። ½ + ⅓ ብላ ሰሌዳው ላይ ትጽፍና «⅖ ነው የሚል እጁን ያውጣ» ትላለች። እጅ ያወጣውን ሳትቆጣ «እንዴት አገኘኸው?» ትለዋለች። ልጁም ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች እንደደመረ ያስረዳል። ያኔ ክፍሉ በክርክር ይንጫጫል፤ ትምህርቱም የሚገባው በዚያ ጫጫታ መሃል ነው።

አመለካከት 2፦ ካልተገረፈ አይሰማም

እውነታው፦ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ጥናትም አርጩሜን አይደግፍም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጃኮብ ኩኒን በቪዲዮ የተቀረጹ ክፍሎችን አጥንቶ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጎበዝ መምህርን የሚለየው ከረብሻ በኋላ የሚወስደው እርምጃ ሳይሆን ረብሻ እንዳይነሳ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር መሆኑን አሳይቷል። የሒሳብ መምህርቷም እንዲሁ ናት፤ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ እንኳ ጎን ለጎን ክፍሉን ታያለች። ሁለት ልጆች መጎነታተል ሲጀምሩ ማስረዳቷን ሳታቋርጥ አጠገባቸው ሄዳ ትቆማለች። ነገሩ በዚያው ይበርዳል፤ የክፍል አለቃውም የረባሽ ስም መጻፍ አያስፈልገውም።

አመለካከት 3፦ ተማሪን አንድ ለአምስት ማደራጀት ማለት ተማሪ ተኮር ማስተማር ነው

እውነታው፦ በአንድ ጎበዝ ተማሪ መሪነት ቡድን ሠርቶ ወንበር ማዞር ብቻውን የማስተማር ዘዴ አይሆንም። ጥያቄው ለአንድ ሰው የሚበቃ ከሆነ ጎበዙ ይሠራል፣ የቀሩት ይገለብጣሉ። መምህርቷ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ድርሻ ትሰጣለች። መልሱን ማን እንደሚያስረዳም አስቀድማ አትናገርም፤ ስለዚህ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

አመለካከት 4፦ ቶሎ እጁን ያወጣ ጎበዝ ነው

እውነታው፦ «እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!» እያሉ ጣታቸውን የሚያጮሁት ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂቶች ናቸው። ሌላው ማሰብ ሳይጀምር መልሱ ይነገራል። አሜሪካዊቷ ሜሪ በድ ሮው ባደረገችው ጥናት መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚታገሡት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ነበር። ትዕግሥቱ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መመለስ ጀመሩ።

«ይህ ሁሉ ጥቂት ተማሪ ላለበት ክፍል ነው» የሚል አይጠፋም። እርግጥ የትምህርት ሚኒስቴር ለአንደኛ ደረጃ ለዓመታት የሠራበት መስፈርት እንኳ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። ነገር ግን መጠበቅም ሆነ አጠገብ ሄዶ መቆም ወጪ አይጠይቅም፤ ተማሪው በበዛ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋል።

ባልንጀሮቼ እጩ መምህራን፣ ለትዝብት ስትቀመጡ ክፍሉ ሲረበሽ መምህሩ ምን እንዳለ ብቻ አትመዝግቡ። ረብሻው ባልተነሳባቸው ክፍለ ጊዜያት አስቀድሞ ምን እንዳደረገ ጻፉ። ሙያው ያለው እዚያ ነው።