ስንዴ በአርሲ ደጋና በዓለም ገበያ

የኢትዮጵያ የስንዴ ምርት ለሕዝቡ ምግብ ሳይበቃ ስለ ኖረ፣ ጉድለቱ ለብዙ ዓመታት ከባሕር ማዶ በግዥና በእርዳታ ሲሞላ ቆይቷል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን በወጋች ጊዜ የዩክሬን ወደቦች ስለ ተዘጉ የስንዴ ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ከፍ አለ፤ የማዳበሪያም ዋጋ አብሮ ወጣ። ስለዚህ በሩቅ አገር የሚነሣ ጦርነት የአርሲን ገበሬ በማሳው ላይ ሳለ ይነካዋል።

መንግሥት ከውጭ የሚገዛውን ስንዴ ለማስቀረት በቆላው በመስኖ ማልማት ጀምሯል፤ ነገር ግን በዝናብ ለሚበቅለው ስንዴ ዋና ምንጭ ከሆኑት ስፍራዎች አንዱ የአርሲ ደጋ ነው። የዚህም ደጋ ትልቁ ጠላት ዋግ ነው። ዋግ በነፋስ እየተወሰደ ድንበር የሚሻገር በሽታ ሲሆን፣ ዝናቡ ከወቅቱ አልፎ እርጥበት ሲበዛ ይበረታል። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ «ኩብሳ» የተባለውን ዘር አጠቃ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ «ዲገሉ» የተባለውን መታ። ሁለቱም ዘሮች በሰፊው ተዘርተው ስለ ነበር ጉዳቱ ከማሳ ወደ ማሳ ፈጥኖ ተዛመተ።

የአየሩ ጠባይ እየተለወጠ በሄደ መጠን ይህ አደጋ የሚቀንስ አይደለም። ስለዚህ በየወረዳው ያሉ ሹማምንትና ባለይዞታዎች፣ በአሰላ አጠገብ ባለው በቁሉምሳ የምርምር ማዕከል የተፈተኑ ልዩ ልዩ ዘሮች እንዲዘሩ፣ መሬቱ እንዳይደክም ስንዴና ባቄላ እንዲፈራረቁ፣ የዋግ መድኃኒትም በሽታው ሳይስፋፋ እንዲደርስ መትጋት ይገባቸዋል። ከዋግ የዳነ አንድ ኩንታል ስንዴ በውጭ ምንዛሪ የማይገዛ አንድ ኩንታል ነውና።